ያልተመደቡ

እኔ ቂመኛ ነኝ። ሰው ከሚያማኝ ራሴው ልናገረው። አንዳንዱ የበደሉትን ይረሳል፣ ይቅር ይላል፣ ደህና እንቅልፍ ይተኛል፤ እኔ እንዲያ ሆኜ አልተፈጠርኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አይደል የሚባለው? እኔማ የተወጋሁበትን ቀን፣ የለበስኩትን ቀሚስ፣ ወረቀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተሰካባቸውን አራት ስፒሎች ሳይቀር አስታውሳለሁ።

የወጋኝ ሰው ግዛቸው ይባላል። እዚህ ሐዋሳ፣ የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል አንድ የልማት ድርጅት ውስጥ ሁለታችንም በአንድ ቀን ነው የተቀጠርነው፤ እኔ የሥልጠና ባለሙያ ሆኜ፣ እሱ የሰው ኃይል ሠራተኛ ሆኖ። ዋናው መሥሪያ ቤታችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው፣ ሱቃችን መናኸሪያ፣ መጋዘናችን ቱላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ አሠለጠንኩ። ግዛቸው ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ የጻፍኩትን ሪፖርት ሽፋኑን እየቀየረ በስሙ ሲያቀርብ ኖረ። አንድ ቀን በቃኝና ግምገማ ላይ ተነስቼ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይሄ ሰው የሰው ሥራ ይሰርቃል» አልኩ። ተቆጣ እንዳትሉ። ፈገግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሂሱን ተቀብያለሁ» አለ። ተጨበጨበለት።

ከዚያ በ2001 ቢ.ፒ.አር. የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። ያን ጊዜ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው «መዋቅር» የሚለውን ቃል ሲሰማ እስከ ዛሬ ዓይኑ ሰሌዳ ይፈልጋል። መዋቅር ይጠናል፣ መዋቅር ይጸድቃል፣ መዋቅር ይወጣል፤ ከዚያ ሄደህ ስምህን ሰሌዳ ላይ ትፈልጋለህ። ስሙ ያልወጣለት «ተንሳፋፊ» ይባላል፤ ደመወዝ አለው፣ ወንበር የለውም፣ የት እንደሚጣል እስኪታወቅ ድረስ በየበረንዳው ሲዞር ይውላል። የእኛን መዋቅር ያጠናው ኮሚቴ ጸሐፊ ማን ነበር? ግዛቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ የለም። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው ቆሞ ያየኛል። ግዛቸው ስቴኪኒውን እያኘከ መጣና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ ብርቱኬ፣ ለበጎ ነው» አለኝ። ስሜ ብርቱካን ነው፤ እናቴ እንኳ ብርቱኬ ብላኝ አታውቅም።

ሰባት ወር ተንሳፍፌ መዝገብ ቤት ተጣልኩ። የሚገባውን የሚወጣውን ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ፣ በየፋይሉ እየከተትኩ፣ ስምንት ዓመት እዚያ ተቀመጥኩ። እሱ የሰው ሀብት ሥራ ሂደት ባለቤት፣ ማለትም የክፍሉ ኃላፊ፣ ሆነ። እኔ ይሙት አላልኩም፣ ይታሰርም አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የተመኘሁት፤ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደ እኔ ቆሞ ስሙን ይፈልግና ይጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ በልቤ የያዝኩት ይኼንኑ ነው።

በ2009 የካቲት ላይ አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ካሳሁን ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሲመለስ አንድ ሲስተም ገዝቶ መጣ። ሠራተኛው ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ኮርስ ይወስዳል፣ እዚያው ይፈተናል፣ የቅርብ አለቃው ደግሞ ማን እንደተማረ ማን እንደተኛ በራሱ ኮምፒዩተር ያያል። ጥሩ ነገር ነበር፤ እውነት ለመናገር በኔ ጊዜ ቢሆን ስንት ሠራሁበት። ታዲያ ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት የድርጅቱ መዋቅር ሲስተሙ ውስጥ መግባት አለበት፤ ቅርንጫፉ፣ ክፍሉ፣ ማን በማን ሥር እንደሆነ። አቶ ካሳሁን ሥራውን ለግዛቸው ሰጠው፤ ሁለት ሳምንት ገደብ፣ ከዚያ እንግዳ ተጠርቶ ምረቃ።

ግዛቸውና ኮምፒዩተር! ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒዩተር ሚስቱ የሠራችውን ዳንቴል አልብሶት ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጦበታል። በማግስቱ መዝገብ ቤት ከች አለ።

«ብርቱኬ፣ ሥልጠና ማለት አንቺ አይደለሽ እንዴ! ይሄን ነገር አንቺ ካልሠራሽው ማን ሊሠራው ነው?»

«አንተ ነህ የታዘዝከው» አልኩት።

«እኔማ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስሚኝ፤ ይሄን ጨርሰሽ ስጪኝ፣ የሥልጠና ባለሙያነቱን ቦታሽን አስመልስልሻለሁ። በልጆቼ ስም!»

የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ሞኝ ነሽ በሉኝ፤ ልቤ ዘለለ። ቂሙ እንዳለ ነው፣ ግን ቦታዬን ካገኘሁ ለጊዜው ላሳድረው እችል ነበር።

ሲስተሙን የሸጠልን ኩባንያ ናሆም የሚባል ልጅ መድቦልን ከአዲስ አበባ በስልክ ያስረዳኛል። ትሑት ነው፣ አይሰለችም። «ወይዘሮ ብርቱካን፣ እንደ ዛፍ ያስቡት» ይለኛል። «ሁሉም ሰው በአንድ ሰው ሥር መንጠልጠል አለበት። የትም ያላንጠለጠሉትን ሰው ሲስተሙ ራሱ አንድ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል።»

«ምን የሚባል ሣጥን?»

«ያልተመደቡ።»

ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሄሎ? መስመሩ ጠፋ እንዴ?»

«አለሁ» አልኩት። «ቀጥል።»

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሠራተኛ ነው። የጸደቀውን መዋቅር ይዤ ስጀምር ግማሹ ወረቀት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሰው የሌለበት ክፍል አለ፤ ክፍል የሌለው ሰው አለ። ወረቀት ላይ ጥበቃ የሆነው ሰውዬ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ አራት ዓመት «ተጠባባቂ» የሆነ ኃላፊ አለ፤ ሲስተሙ ደግሞ ተጠባባቂ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ በእግሬ ሄድኩ። መናኸሪያ ሱቁ ሄጄ፣ ቱላ መጋዘኑ ሄጄ፣ እያንዳንዱን ሰው «ሥራ የሚያዝህ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ቱላ ላይ ጋሼ ኩማን አገኘኋቸው። የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት የቀራቸው፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ሚስማር ያላጎደሉ ሰው። አምስት ጊዜ ለዕድገት ተወዳድረው አምስቱንም ጊዜ ግዛቸው ጥሏቸዋል። «ያ የሲሚንቶ ሽማግሌ» ነው የሚላቸው፤ በዚያ ስም ሲጠራቸው ሰው ይስቃል። እኔ ጠጋ ብዬ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው፣ ስለ ሥራቸው ጠየቅኳቸው፣ ሁሉን ጻፍኩ። ሲሸኙኝ፣ «ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

በአሥር ቀን ጨረስኩት። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው እያንዳንዱ በቦታው ተንጠልጥሎ፣ ሣጥኗ ባዶ ሆና ሳያት ደስ አለኝ። ለግዛቸው አሳየሁት። «ጎበዝ» አለና ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ቁጥር ሊሰጣቸው ሁለት ደብዳቤዎች መጡ። አንደኛው ከግዛቸው ለሥራ አስኪያጁ የተጻፈ ነው፤ «የድርጅቱን መዋቅር በግል ጥረቴ ቀን ከሌት ሠርቼ ያጠናቀቅኩ መሆኑን» ይላል። ይሁን፤ ይሄ የለመድኩት ነው። ሁለተኛው የሥልጠና ባለሙያ ምደባ ነው። ዮፍታሄ ይላል። ዮፍታሄ ማለት የግዛቸው የሚስቱ ወንድም ነው። ቀኑን አየሁት፤ ደብዳቤው የተጻፈው «በልጆቼ ስም» ብሎ በማለልኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ይታያችሁ። ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል። ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ማኅተም የማስደርገው እኔ ነኝ፣ ፋይል ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። መደበቅ እንኳ አላስፈለገውም! ከመካዱ ይልቅ ያንገበገበኝ ያ ነው፤ ከሰው አልቆጠረኝም። ደሜ ፈላ። ቁጥር ሰጠኋቸውና በየፋይላቸው ከተትኳቸው።

የምረቃው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይገባ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ሲስተሙን ከፈትኩ። የሰው ሀብት ሥራ ሂደት፤ ኃላፊ፣ ግዛቸው። አውጣው አልኩት። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ግዛቸው ተስፈንጥሮ ሣጥኗ ውስጥ ወደቀ፤ ያልተመደቡ፣ አንድ። እሰይ! ብቻዬን ሳቅኩ።

ሲስተሙ ግን አልለቅ አለኝ። «ይህ ክፍል ኃላፊ የለውም፤ ኃላፊ ይምረጡ» እያለ ቀይ ያበራል። ከግዛቸው ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው? ብዙ አላሰብኩም። ኩማ ብዬ ጻፍኩ። ያ የሲሚንቶ ሽማግሌ የምትለው ሰው ካንተ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እይ! ጠቅ አደረግኩት፤ ቀዩ ጠፋ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያሰብኩት የግማሽ ቀን ውርደት ነው። የኮርስ ሰሌዳ እኮ ነው! እዚያ ላይ የሚነሳው የሚጣለው የሥልጠና ምዝገባ እንጂ ደመወዝና ወንበር አይደለም። ሰው ይስቃል፣ እሱ ያፍራል፣ ከሰዓት በኋላ ይታረማል ብዬ ነበር።

አዳራሹ ጢም አለ። ከቱላም ከመናኸሪያም በሰርቪስ መጥተዋል፤ ጋሼ ኩማ የኋላ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከክልል ቢሮ የመጡ አንድ የክብር እንግዳ ከአቶ ካሳሁን ጎን አሉ። ግዛቸው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተከርክሞ፣ ማይኩን ጨበጠ። እኔን፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከሚታየው ላፕቶፕ ጋ አስቀምጦኛል፤ «ወይዘሮ ብርቱካን ጠቅ ጠቅ በማድረግ ታግዘናለች» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ሰው ሳቀ። ይሳቁ።

«ይህ መዋቅር» አለ፣ «እያንዳንዱን ሠራተኛ እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ በየቦታው ያስቀመጥኩበት ነው። ከእኔ ዕውቅና ውጭ አንድም ስም አልገባም፣ አንድም ስም አልወጣም!»

በል ጨምር፣ አልኩ በሆዴ። ጨመረ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ፣ «እስቲ የራሴን ክፍል እንመልከት» አለ።

ጠቅ አደረግኩ።

የሰው ሀብት ሥራ ሂደት። ኃላፊ፣ ኩማ። ግዛቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓይኑ ከላይ ጀመረ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ስሙን እየፈለገ ነው! ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ምስኪን ነው ብዬ ልርዳው አልኩና ከታች ያለችውን ሣጥን ከፈትኩለት። ያልተመደቡ፤ አንድ፤ ግዛቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ስምንት ዓመት የደረቀ አንጀት በአንድ ጊዜ ራሰ። እንዲያ ያለ ደስታ ሠርጌም ቀን አላገኘሁም፤ እውነቴን ነው።

አሁን ግን የማያልቀው ጉድ መጣ። የክብር እንግዳው አጨበጨቡ። ሰውየው ከመሀላችን አንድም ሰው በስም አያውቁም፤ ያዩት ባለ ቀለም ሣጥንና መስመር ነው። ተነሱና፣ «መዋቅሩ ግልጽ ነው፤ በዚሁ አጠናክራችሁ ቀጥሉ» አሉ። አቶ ካሳሁን ግድግዳውን አየ፣ እንግዳውን አየ፣ ፊቱ ዓመድ መሰለ፣ ከዚያ እሱም አጨበጨበ። በልቡ ያለውን እንደ ጽሑፍ አነበብኩት፤ ለካ ከላይ ተወስኖ ነው፣ ለእኔ ሳይነገረኝ! አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ግዛቸውም አጨበጨበ። ምን ያድርግ? እኔ አይደለሁም እንዳይል፣ በገዛ እጄ ብሏል።

ለምሳ ሳንወጣ «መዋቅር ወጣ!» የሚለው ወሬ ቱላ ደርሷል። የኮርስ ሰሌዳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲነሳና ሲጣል የኖረ ሰው ነው። ወደ ቢሮ ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ከላይ የመጣን ነገር ማን ይጠይቃል? በሁለተኛው ቀን አቶ ካሳሁን ራሱ ደብዳቤ ጻፈ። ጋሼ ኩማ የሰው ሀብት ሥራ ሂደት ኃላፊ፤ መጋዘኑን ታምሩ የሚባል ሠራተኛ ይረከብ፤ ግዛቸው ምደባ እስኪሰጠው ይጠብቅ። ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ስጽፍ ያማረ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ።

ተናገሪ እንዳትሉኝ። መናገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ግዛቸው በረንዳው ላይ ሲዞር ማየት! የሰርቪስ ሹፌሩ ሳይጠብቀው ይሄዳል። ካፌ ሲገባ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ድንገት ሥራ ይታወሳቸዋል። ዳንቴሉንና የፕላስቲክ አበባውን በፌስታል ይዞ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቀን ይጨመርለት እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን መዝገብ ቤት መጣ። በሩን ዘጋው።

«አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ምኑን?»

«አትቀልጂ! አንቺ ነሽ ያስገባሽው።»

«እኔ? እኔ ጠቅ ጠቅ አድራጊ ነኝ» አልኩት። «በገዛ እጄ ያስቀመጥኩት ነው ያልከው አንተ። በል ውጣና አይደለም በላቸው። ሥራውን ብርቱካን ሠርታው፣ እኔ በስሜ አቅርቤው፣ የይለፍ ቃሌን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጥቻት ነው በል። ማይኩን ላምጣልህ?»

«የግል ማህደሬን ስጪኝ» አለ፣ ድምፁ ቀንሶ።

«ማመልከቻ ጻፍ።»

«ብርቱካን...»

«ጻፍና ውጭ ጠብቅ። ተራህ ሲደርስ እጠራሃለሁ።» ከእሱ በፊት የነበረ ሰው የለም። አርባ ደቂቃ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ከሁሉም ከሁሉም ብርቱካን ብሎ በሙሉ ስሜ መጥራቱ!

ጋሼ ኩማን ግን ሳላያቸው የቀረሁት አውቄ ነው። አዲስ ሙሉ ልብስ አሰፍተዋል አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ቢሮ ይገባሉ፣ የሠራተኛውን ፋይል አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ሰው ሲገባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ አሉኝ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ሲመጡ አየኋቸውና ወደ ሽንት ቤት ገባሁ።

በስምንተኛው ቀን አለቀ። ግዛቸው ክልል ቢሮ የአጎት ልጅ አለው፤ ሄዶ አለቀሰበት። ልጁም እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልወሰንንም ብሎ ለአቶ ካሳሁን ደወለ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ «በሲስተም ስህተት የተፈጠረ መሆኑ ታውቆ» ተባለ። ሲስተም ምን አለበት? አፍ የለው። ግዛቸው ወደ ወንበሩ፣ ዳንቴሉም ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ። እኔ፣ ስምንት ቀን ከስምንት ዓመት ምን ይወጣል፣ ቢሆንም ቀምሷታል፣ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ደብዳቤው ለቁጥር መጣ።

አቶ ኩማ፣ መጋዘኑን በሕጋዊ ርክክብ ያስረከቡ ስለሆነና በሰው ሀብት ክፍል ክፍት የሥራ መደብ ስለሌለ፣ ምደባ እስኪሰጣቸው ድረስ ይጠብቁ። ፊርማ፣ ግዛቸው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደብዳቤውን ይዤ ደረጃውን ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ስገባ ግዛቸው እዚያው ተቀምጧል።

«አቶ ካሳሁን፣ የሲስተም ስህተት አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያደረግኩት። መዋቅሩን ያስገባሁትም እኔ ነኝ፣ የቀየርኩትም እኔ ነኝ። እኔን ይቅጡኝ፣ ጋሼ ኩማን ወደ መጋዘናቸው ይመልሷቸው።»

አቶ ካሳሁን ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጣኝ ብዬ ነበር። «ወይዘሮ ብርቱካን» አለ፣ «ቃለ ጉባኤው የሲስተም ስህተት ይላል። ለቢሮም እንዲያ ብለን ጽፈናል። አሁን መዝገብ ቤት ያለች ሴት ስምንት ቀን አስጨበጨበችን ብዬ እንደገና ልጻፍ?»

«መዋቅሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ግዛቸው፣ ዓይኔን እያየ። «ከእኔ ሌላ የነካው ሰው የለም። ምን እያለች እንደሆነ አላውቅም።»

«የመጋዘኑስ ርክክብ?» አልኩ።

«ታምሩ ፈርሟል። ድጋሚ ቆጠራ እስኪፈቀድ ሁለት ወር ነው። ለጊዜው ይታገሱ፤ ደሞዛቸው እንደሆነ አልተቋረጠ» አለ አቶ ካሳሁን። «ቁጥር ስጪና አውጪው።»

ወጣሁ። ቁጥር ሰጠሁት። አዎ ሰጠሁት። ሌላ ምን አደርግ ነበር እያልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ፤ አንዱም አላጠገበኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቱላ ሄድኩ። ጋሼ ኩማ ቤታቸው በር ላይ፣ ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሚስታቸው እማማ ወርቅነሽ ጓሮ ናቸው። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግዛቸው ያደረገኝን፣ ሣጥኗን፣ ስማቸውን እንዴት እንደጻፍኩ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«እኔን ለምን መረጥሽ?» አሉ።

«ጥሩ ሰው ስለሆኑ።»

«እሱ አይደለም።»

አንገቴን ደፋሁ። «ግዛቸው እርስዎን ስለሚንቅ» አልኩ። «በእርስዎ ይበልጥ እንዲናደድ ብዬ።»

«አየሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ሲንቀኝ ፊት ለፊት ነው፤ ሰላም እንኳ አይለኝም፣ አውቀዋለሁ፣ እጠነቀቀዋለሁ። አንቺ ግን ጋሼ ብለሽኝ፣ ልጆቼን በስማቸው ጠይቀሽኝ ነው የሄድሽው። ከዚያ ሰው የምትመቺበት ዱላ ስትፈልጊ እኔን አነሳሽ።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ፤ ሰሙ አልሰሙ አላውቅም። «እማማ ወርቅነሽ ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አታውቅም። ጠዋት ልብሴን ለብሼ እወጣለሁ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ማታ እመለሳለሁ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስለ ሹመቴ ምስክርነት ሰጥታለች፤ ጉባኤው ሁሉ እልል ብሏል። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ይሄን ሲሉ እማማ ወርቅነሽ ከጓሮ መጡ። እጃቸውን ታጥበው ቡርሳሜ የሚሉትን በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ በጣባ ይዘው ቀረቡ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣሁ መሆኔን ሲሰሙ ጣባውን አስቀምጠው ሁለት እጄን ያዙ። እጃቸው ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት አቧራ ሲበላ የኖረ ሰው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ያን ዕለት ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ ሲያለቅስ አየሁት። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የእሱን ስም እዚያ ላይ የጻፈውን ሰው ጌታ ይባርከው እላለሁ። ዘሩን ይባርክ፣ ቤቱን ይባርክ። ጠዋት ጠዋት ሳልጸልይለት አልውልም።» ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና ገለጥ አደረጉት። «አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።»

ጋሼ ኩማ ቀና ብለው አዩኝ።

«አሜን» አልኩ።